ቀሪ

ሰማንያ ተማሪ፣ ሃያ ስድስት ዴስክ፤
ሦስት ሦስት ቢቀመጥ ሁለት ልጅ ይቀራል።
ሁለቱ ድንጋይ ላይ። ይሄ ያለ ነገር ነው፣
ደሴ ላይ ማን ይገርመዋል?

እኔ ግን ስቆጥር፣
ጦሳ ጉሙን ለቆት መስኮቱ ሲጨልም፣
ድንጋይ ላይ ያሉቱ አራት ናቸው ሁሌም።
አራት ልጅ ይጽፋል ጉልበቱን አጥፎ፣
ደብተሩን እንደ ጨቅላ ጭኑ ላይ አቅፎ፤
አንድ ዴስክ ግን አለ በኋላው መስኮት በኩል፣
ጦይባ ይመር ብቻዋን ቁጭ ያለች መሃል።
በግራዋም ቦታ አለ፣ በቀኟም ቦታ አለ፤
ድንጋዩ ነው የሚሻል።

ስሟን ስጠራ «አለሁ» ትላለች።
አንድም ቀን ቀሪ ተብላ አታውቅም።

እናቷ ቦሩ ሜዳ ታክማ ድናለች፣
ሰኞ ገበያ ወርዳ ሽንኩርት ትሸጣለች።
የገዛ ሰው ብሩን ሸራው ላይ ይጥላል፣
መዳፏ ላይ ያኖረ ላገሩ እንግዳ ይሆናል።

«ለልጆቹ ማን ነገራቸው?» እያልኩ
ወላጁን አማሁ፣ ሰፈሩን አማሁ፤
ጠዋት ጠዋት በአይጠየፍ በኩል እያለፍኩ
ለመጣ ሰው ሁሉ የስሙን ትርጉም እያስረዳሁ።

የሆነው እንዲህ ነው።
ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ሰሌዳ ጋ ጠራኋት።
መቶ አርባ አራትን ለአሥራ ሁለት አካፈለች፣
ቀሪ ዜሮ ብላ ሁለቴ አሰመረች፣
ጠመኔውን ልትመልስ እጇን ዘረጋች።
«እዚያ ላይ አድርጊው» አልኩ፣ ጠርዙን በአገጬ እያሳየሁ፣
ከኪሴም አዲስ ጠመኔ አወጣሁ።
ይኸው ነው።
ስድብ የለበትም፣ ቁጣም የለበትም።
ሰባ ዘጠኝ ልጅ አየ።
ማካፈል ያልገባው ሁሉ ይህ ገባው።
በማግስቱ ከአጠገቧ አንዷ ተነሣች፣
በሳምንቱ ሌላዋ።

ከትምህርት መምሪያው ቅጽ መጣ፦
«በክፍልዎ አድልዎ ታይቷል?» ተራ ቁጥር ዘጠኝ።
«አልታየም» ብዬ ፈረምኩ።
«ለሁሉም እኩል ዕድል» የሚለውም ጽሑፍ
በራችን ላይ አለ፤
ሰማያዊውን ቀለም የመረጥኩት እኔው ነኝ።

ጥር ላይ ዳግም ተራዋ ደረሰ።
ከቦርሳዋ ፌስታል፣
ከፌስታሉ ውስጥ ብጣሽ ወረቀት ፈታች፣
የራሷን ጠመኔ ይዛ ወጣች፤
ልብስ ሰፊ የሚያሰምርበት፣ ጠፍጣፋ፣ ጠርዙ ያለቀ።
«ቲቸር፣ የእርስዎ እንዳያልቅ ብዬ ነው።»
ቂም የለበትም ድምጿ።
ቂም ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር።

ሠርታ ስትጨርስ እጄን ዘረጋሁ።
«አውሺኝ።»
አየችው እጄን፣
ገበያተኛ የእናቷን እጅ በሚያይበት ዓይን፣
ረጅም ጊዜ።
ከዚያ ሰጠችኝ።
ሞቅ ያለ ነበር፣ ከመዳፏ የወጣ።
የቤት ሥራውን በእሱ ጻፍኩ፣
ጥፍሬ ሰሌዳውን እስኪነካ።

በማግስቱ ድንጋይ ላይ አራት ነበሩ።
በሳምንቱም አራት።
ያስተማርኳቸውን ሂሳብ በአንድ ሌሊት የሚረሱ ልጆች
ይህን አልረሱም።

የካቲት መጨረሻ ደምሌ ተነሣ፣ ሱሪውን አራግፎ፣
ከዴስኳ ጫፍ ላይ ግማሽ ቂጡን አሳርፎ፣
«ማካፈል እንድታሳየኝ ነው» አለ፣
ማንም ሳይጠይቀው።
ሰኔ ሲመጣ ሦስት ነበሩ።
ሁለት አልደረስንም።

በዚያው ሰኔ ጡረታ ወጥቼ ክፍሉን ሳስረክብ
ንብረት ተመዘገበ፦
ሰሌዳ አንድ። ዴስክ ሃያ ስድስት።
ድንጋይ ሦስት።
«ድንጋይ ደግሞ ንብረት ነው?» ብሎ ሳቀ ተረካቢው።
ሁለቱ የሂሳቡ ናቸው አልኩት፣
አንዱ የእኔ ነው።