አላንስ

ከእንጅባራ ማዶ፣ ከዳገቱ ወገብ፣
ኮምጥጦ ቢከዳት የገብሷ መደብ፣
ደጊቱ ተመለሰች ከችግኝ ጣቢያ፣
ሦስት መቶ ላስቲክ፣ በሁለት አህያ።
«አልነስ ነው» ብሏታል ባለሙያው ስሙን፤
መንገድ ላይ ስትደግም አጥፍታው ድምፁን
«አላንስ» ብላው ገባች። ሰፈሩ ሳቀባት፤
የሳተችው ስም ግን ከትክክሉ ጣማት።

«ፍሬው አይቀመስ፣ እሾህ የለው ለአጥር፣
ከየት ነው ዘመዱ፣ ከየትኛው አገር?»
አለ አያ ገደፋው ባሕር ዛፍ ተደግፎ፣
ባሕር ዛፉም ዱሮ መምጣቱን ዘንግቶት ባሕሩን ቀዝፎ።

እኔ መጋዝ ሳቢ ነኝ።
ጥድን ዓይኔን ጨፍኜ በሽታው አውቃለሁ፣
ዋንዛ ሲሰነጠቅ በድምፁ እለያለሁ፤
ይኼን ግን አላውቅም።

በዘጠነኛው ዓመት የዳንግላ ነጋዴ
ግንዱን በሜትር ለካ፣ አጎደለና አንዴ፣
«ለባዳ እንጨት ይበቃል፤ ዋጋው ያንሳል እንዴ?»
አላት።
«ስሙን ጠይቀሃል?» አለችው።
ሌላ አልጨመረችም። እሱ ጨመረ።

ይርሳው ካንዱ ጫፍ፣ እኔም ካንዱ ጫፍ
ስበን ስንጥለው የመጀመሪያውን ዛፍ፣
ነጭ ነበር ሆዱ፤
ላባችንን ጠርገን ዞር ብለን ብናይ
ደም መስሎ ቀልቷል ከቆረጥነው ላይ።
ይርሳው እጀታውን ለቅቆ አማተበ።

ደጊቱ ግን መጥታ
ጉቶው ጎን ተንበርክካ፣ ሰጋቱራውን ጠርጋ፣
ቀለበቱን በጣቷ መቁጠር ጀመረች፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… አምስተኛው ላይ ቆመች።
ክር አክሎ ቀጥኗል።
«ይኼ» አለች፣ «ቢያድግልኝ መተማ የወረደ ጊዜ ነው፣
ለሰሊጥ አጨዳ።
የሚያርምለት አጣ፤ እኔም እጄ አልሠራ አለኝ።»
ተመልሶ ይሆን? አልጠየቅኋትም።
መጋዙ ሳይደንዝ ቁጭ ብዬ ሞረድኩት።

ማምሻ ላይ፣ ጣውላው በቁጥር ተጭኖ ሲያልቅ፣
እሷ ከተነቀለው ጉቶ ጉድጓድ ገብታ፣
ሽምብራ የሚያህል እባጭ ካዘለው ሥር ላይ
እፍኝ አፈር አነሣች፤ ጠቁሯል፣ ይፈርሳል፤
በምላሷ ጫፍ ቀመሰችው።
«አይኮመጥጥም» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ነጋዴው ሞተሩን አስነሥቶ በመስኮት
«የቀረ ነገር አለ?» ብሎ ቢጠይቃት
እፍኟን ጨበጠች፦
«አለ። እሱን አልሸጥኩልህም።»