ቃለ ጉባኤ ቁጥር ሠላሳ ሰባት

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ደክሞት ከቀረበት፣
ሚኒባሱ ዞሮ «መጨረሻ፣ ውረዱ» ከሚልበት፣
አንድ ሕንፃ አለ፤
ሦስት ፎቅ ወጥቶ፣ ለአራተኛው ብረቱን ዘርግቶ
ሰማይን እየለመነ ስንት የበጀት ዓመት የዋለ።

ሴኔቱ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ይቀመጣል፤
መስኮቱ መስታወት አልገባለትም፣ ላስቲክ ተወጥሮበታል፤
ነፋስ ከአቃቂ ሲመጣ፣ ማንም ምንም ሳይናገር
ያጨበጭባል።

እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ።
ድምፅም አለኝ ይላል ደንቡ፤ አንቀጹን እረሳዋለሁ።

ዕለት፦ ሐሙስ። ሰዓት፦ ከረፋዱ አራት።
የተገኙ፦ ሃያ አራት።
ያልተገኙ፦ ሦስት፤ ሁለቱ በፈቃድ፣
ዶክተር ዘርዓይ ሰርቪሱ ጎሮ ላይ ቆሞበት፣ መንገድ ለመንገድ።

አጀንዳ አንድ፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ። ጸደቀ።
አጀንዳ ሁለት፦ የካፌው ዳቦ ግራም።
ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ ዳቦ የማያውቅ ምሁር የለምና
ሁሉም ተናገረ፣ ሁሉም አወቀ።
አጀንዳ ሦስት፦ የአፈር ሳይንስ ትምህርት ክፍል መታጠፍ።
(ምሳ ደርሷል፤ ቶሎ ይለፍ።)

ፕሬዚዳንቱ መነጽራቸውን አወለቁ።
«እጅ አጥሮናል» አሉ፤ «ሳልነግራችሁ እወቁ።
አምና ሰባት ተማሪ፣ ዘንድሮ አምስት፤
ላቦራቶሪው ለሬጅስትራር ይሰጥ፤
የናሙናው መደርደሪያ ለፋይል ልክ ነው፤
ለክተነዋል።»

ዶክተር የሻረግ ተነሣች፤ ወረቀት አልያዘችም።
ከቦርሳዋ ፌስታል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠች፤
ይቅርታም አላለችም።
መረሬ።
ጥቁር፣ ርጥብ፣ የዛሬ።
«ከዚሁ ከበራችን ሥር ነው» አለች፤
«ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤
ደረጃው ላይ ያለው ስንጥቅ አምና ሳንቲም ያስገባ ነበር፣
ዘንድሮ ጣት ያስገባል።
እኛ ስንታጠፍ ማንን ልትጠይቁት ነው?
ፋይሉን?»

ዝም ተባለ። ላስቲኩ አጨበጨበ።
አንድ ዲን ከስልኩ ላይ አፈር በሶፍት አበሰ።

«የሚደግፍ?»
እጆች ወጡ፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ከዚያ ጎረቤቱን ያየ፣
ከዚያ የጎረቤቱን ጎረቤት ያየ።
አሥራ ሰባት።
በኛ ቋንቋ እጅ ማውጣትና እጅ መስጠት
አጥር አይለያቸውም፤ እንደ ኮንዶሚኒየም
ግድግዳቸው የጋራ ነው።
«የሚቃወም?» አራት።
«ድምፀ ተአቅቦ?» ሁለት።
ቆጣሪው ደገመ። ሃያ ሦስት።
«አንድ ሰው ጎደለ፤ ወጣ እንዴ?»

ማንም አልወጣም።
እጄ ብዕር ይዞ ነበር።
ብዕር የያዘ እጅ አይቆጠርም ብዬ ለራሴ ደንብ አወጣሁ፤
በራሴ ድምፅ፣ በሙሉ ድምፅ፣ አጸደቅሁ።

ፕሬዚዳንቱ ሲወጡ ጎንበስ ብለው «ቁጥሩን ተወው» አሉኝ፤
«‹በስምምነት› በል፤ ያምራል።»

በሩ ላይ ኦቦ ጉደታ ቦርሳ ይፈትሻል።
አዳራሹ የቆመበት ማሳ የእሱ ነበር፤
ሽምብራ ያውቃል፣ ጓያ ያውቃል፣
አሁን የኛን መታወቂያ ያውቃል።
«ዛሬስ ምን ቆረጣችሁ?»
«አፈርን አጠፍን።»
ፊቴን አየ፤ የምቀልድ መስሎት።
«አርባ ዓመት ገለበጥሁት» አለ፤ «ሲታጠፍ ግን አላየሁም።»
ቦርሳዬን ራሱ ዘጋልኝ።

ማታ፣ መብራት ሲመጣ፣ ደብተሬን ገለጥሁ፤
ከገጹ እጥፋት ውስጥ ትንሽ መረሬ ወደቀ።
አላራገፍሁትም።
«አሥራ ሰባት፣ አራት፣ ሁለት» ብዬ ጻፍሁ፤
ከሥሩ፣ በእርሳስ፦ «አንድ፣ ያልወጣ እጅ፤ የጸሐፊው።»
እርሳስ ይጠፋል፤ ላጲስ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።
ሐሙስ አጀንዳ አንድ፣ እንደ ሁልጊዜው፣
ያለፈውን ማጽደቅ ነው።