የሃያ ብር አጎት

ሰኞ ገበያ ጥግ፣ ጉሙ ሳይገፈፍ፣
ገመድ በትከሻ፣ ስቆም ከሰው ሰልፍ፣
አንድ ልጅ መጣና ያዘኝ በኮት ጫፍ፦

"ጋሼ፣ 'ወላጅ አምጣ' ብለው መለሱኝ፤
ሃያ ብር አለችኝ፣ አጎቴ ሁኑኝ።"

ስንት ሸክም አልፏል በዚች ትከሻዬ፣
ሲሚንቶ፣ ሽንብራ፣ ቁም ሳጥን ከላዬ፤
ዘመድ መሆን ግን፣ ያውም በኪራይ፣
ዋጋው አልተቆረጠም እኛ ተራ ላይ።

"ስምህ ማነው?" አልኩት፣ ሽቅብ ስንወጣ።
"ሙህዲን።"
"ጥፋትህስ?"
ዝም። ጉም መጣ።
"ስድስት ቀን ቀረሁ" አለ፣ ቆየት ብሎ፣
ድንጋይ በጫማው ጫፍ ቁልቁል አንከባሎ።
"እናቴ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ናት እሷ፣
ቅዳሜ ነው 'ምትመጣው፤ ታማ እህቴ፣ ትንሿ…"
"ታዲያ ይህን ንገር!"
"እሷን ይጠሯታል፤
አንድ ቀን ከቀረች ደሞዝ ይቆርጡባታል።"

መምህርት ትርንጎ መነጽሯን አውልቃ፣
ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ ጠንቅቃ፤
ጫማዬ ላይ ጭቃ፣ ኮቴ ላይ ዱቄት።
"አጎቱ ነዎት?" አለች።
"አዎ" አልኩ፣ በድፍረት።
ውሸቴን አውቃለች። ግን ደብተር አምጥታ፣
ሒሳቡን አሳየችኝ ጣቷን አስጠግታ፦
"ይኸው፣ እዚህ ድረስ አንደኛ ነበረ፣
ከጥቅምት ወዲህ ነው ልጁ የተሰወረ።
ማነው የሚያየው ሲያጠና፣ ሲተኛ?
ቁርስ በልቶ ነው ወይ የሚመጣው ወደ እኛ?"

እኔ ምን አውቃለሁ? ያወቅኩት በዚያች ጧት!
መቶ ኪሎ ጆንያ ወገቤን ያልረታኝ
"ቁርስ በልቶ ነው ወይ?" ጉልበቴን ነሳኝ።

እውነቱን ነገርኳት፤ እህቱን፣ ፋብሪካውን።
(ሃያ ብሯን ብቻ ዋጥኳት እንደ ክኒን።)
ወረቀት አወጣች። "የወላጅ ፊርማ" ይላል።
መጻፍ የማልችለውን ፊቴ ይናገራል።
ቀለም አቀረበች።
አውራ ጣቴ አረፈ፣ ሰፊ፣ ዙሪያው ስንጥቅ፣
ከሙህዲን ስም ጎን፣ ዘሩን እንኳ ሳላውቅ።

ሃያዋን ሰጠኝ በር ላይ፣ ተጨማዳ፣
ላብ የጠጣች ብር፤ ከበደችኝ እንደ ዕዳ።
እስክሪብቶ ገዛሁባት ከሱቁ በር ዞሬ፤
"ያዝ" አልኩት፣ ቀኔን በባዶ ኪስ ጀምሬ።

ሐሙስ ነበር ያ ቀን። እሁድ አንዲት ሴት
ወረቀት ጨብጣ መጣች በፍጥነት፤
ብናኝ ጥጥ ሻሿ ላይ፣ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ፤
"የማን አውራ ጣት ነው?" አለች፣ በቁጣ።
ተሸካሚ ሁሉ መዳፉን ደበቀ፤
የእኔ ጣት ቀለሙ ገና አልለቀቀ።

"የእኔ ነው" አልኳት፣ ለስድብ ጎንበስ ብዬ።
እሷ ግን ቁጭ አለች፣ እዚያው፣ ጆንያዬ ላይ፣ አጠገቤ።
"ይመር ነው ስምዎ? ልጄ ነገረኝ።
እርስዎ ወላጅ ሲሆኑ እኔ የት ነበርኩኝ?"
አላለቀሰችም። እጇን አየች ብቻ።
"ቅዳሜን እችላለሁ። ሰኞ፣ ማክሰኞ ግን… ሩቅ ነው ኮምቦልቻ።"
ከዚያ በላይ ነገር አልተነጋገርንም።
ውል ተፈጸመ እንጂ ምስክር አልጠራንም።

በጥር የወላጆች ስብሰባ ተጠራ።
ባለሱቁ አምስት መቶ፣ ባለባጃጁ ሁለት፣ መዝጋቢው ሲያጣራ፣
ተራው እኔ ጋ ደረሰ።
ኪሴን ዳበስኩ፤ ኪሴ እኔን ዳበሰ።
"ዴስክ የጫነው መኪና ከታች ነው 'ሚቆመው?
ዳገቱን ማን ያወጣዋል?" አልኩ። "እኔ ነኝ 'ምሸከመው።"
ከኋላ ወንበር ሳቅ ሰማሁ፤ እሷ ነበረች፣
ፈረቃ ተለዋውጣ፣ በሰው ምትክ የመጣች።

አርባ ዴስክ።
ሠላሳ ዘጠኙን ለማንም፤ አንዷን ግን
መስኮቱ ጋ አስጠጋኋት፣ ብርሃን እንዲያገኝ ሙህዲን።

ትናንት ገበያው መሃል፣ በርበሬ ተሸክሜ፣
ዓይኔ በላብ ታውሮ፣ ሰው መሃል ቆሜ፣
"አጎቴ!" የሚል ድምፅ፤ ጓደኞቹ እየሰሙ፣
ካርዱን እያውለበለበ፣ ከነሙሉ አቅሙ።

አጎቴ አለኝ።
ሳይከፍል።