የመነጽሩ ቦታ

ዓሣ ነጋዴው ፒዮ፣ ማንበብ ያልተማረ፣
ጆንጁ ገበያ፣ ከሠዓሊው ደጅ ቆሞ ተናገረ፦
«ስምንት ክንፍ ያለው ታጣፊ መከለያ ሥራልኝ፣
መጽሐፍ በመጽሐፍ አድርገህ ሙላልኝ።
ቤቴ ዓሣ ይሸታል፤ እንግዳ ሲመጣ
ዓይኑ አፍንጫውን ቀድሞት እንዲወጣ።»

ሠዓሊው ማንግም ፊደል አልቆጠረም፤
የመጽሐፍ ጀርባ እንጂ ሆዱን አልመረመረም።
ግን መደርደር ያውቃል፦
ሐር የለበሰውን ባልለበሰው ላይ ከምሮ፣
ሰማያዊውን ክር በጎኑ ቋጥሮ፣
ብሩሾቹን በቀርከሃ ዋንጫ እንደ ጦር ሰድሮ፤
የቀለም ድንጋዩ ውኃ እንዳረገዘ፣
ከቤጂንግ የመጣው ሰዓት አራት ተኩል ላይ ፈዘዘ።
ቀይ መርጃን፣ የጣዎስ ላባ፤ ሐብሐብም ተገምሶ፣
ዘሩ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ቀዩን ሥጋ ወርሶ።
መደርደሪያው ብቻ ከሕግ ያፈነገጠ፤
ቅርቡ እየጠበበ ሩቁ የተለጠጠ፣
ተመልካች የሆነው ዕቃው ይመስል፣ ሰው ላይ ያፈጠጠ።

ስድስተኛው ክንፍ ላይ ሰማያዊው አለቀ።
ያ ተፈጭቶ በሙጫ የሚለወስ ድንጋይ፣ ከወርቅ የተናነቀ።
ፒዮ ቀብድ አይጨምር፤ ሚዛን ያውቃል።
ማንግ መነጽሩን ካፍንጫው አወረደ፣
አንድ እግሩ ተሰብሮ በክር የታሰረውን፣
አራጣ አበዳሪው ዘንድ መያዣ ሊሰጥ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ያለው በልጁ ዓይን ነው።
«ኦክቡን፣ መስመሩ ቀና ነው?» «ትንሽ ወደ ግራ።»
«ይኸኛው መጽሐፍ?» «ቀይ ነው፤ አትፍራ።»

በመጨረሻው ክንፍ ባዶ ቦታ ቀረ፣
ከተዘጋ መጽሐፍ ላይ፣ መዳፍ የሚያህል።
«ሮማን ይሁን» አለች። «እሺ፣ ማኅተም?»
እሱ ግን ዝም።
አፍንጫውን ዳሰሰ፤ ግራና ቀኝ የሰረጎዱትን፣
ሃያ ዓመት ሙሉ ክብደት ያረፈባቸውን
ሁለቱን ጉድጓዶች በጣቱ ለካቸው።
ከዚያ ሣለ፦
ሁለት ክብ፣ አንድ ድልድይ፣ የተሰበረ እግር፣
ክሩ ሳይቀር፣ የክሩ ቋጠሮ ሳይቀር።

ፒዮ ግብዣ ጠራ። አንድ የተማረ እንግዳ ጽዋውን አስቀምጦ
«አንዱም መጽሐፍ ርእስ የለውም» አለ፣ ከንፈሩን መጦ።
«የተዘጋ ነዋ!» ሲል ፒዮ፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሌሊት፣ የመጨረሻው እንግዳ ጫማውን ከደጅ አንሥቶ ሲሄድ፣
ፒዮ ኩራዙን ይዞ ተመለሰ፤
በሌላ እጁ የሂሳብ ደብተሩን፣
ሁሌ ሌላ ሰው የሚያነብለትን።
መከለያው ፊት ተንበረከከ።
መነጽሩን ሊያነሣ እጁን ሰደደ፤
ጥፍሩ ወረቀቱን ጫረው።

ጭረቷ እዚያው አለች፣ ከክሩ በታች፣
የሩዝ ፍሬ ታህላለች።