ቁልፍ

በሃመርፌስት ወደብ፣ ዓሣ በተሰጣበት፣
የጉበት ዘይት ሽታ ከወለል እስከ ጣሪያ በዘለቀው ቤት፣
ባሌ ተመለሰ፣ በሦስተኛው ዓመት።
ዘጠኝ ሆነው ሄዱ፣ ሁለት ሆነው መጡ፤
ሰባቱስ አትበሉኝ፣ በነጩ ተዋጡ።

ከንቲባው ባርኔጣ አነሳ፣ ጥሩንባው ተነፋ፣
ልጆች ባንዲራ ይዘው፣ መንገዱ በሰው ጠፋ፤
አስላክ ግን ከመርከቧ ወርዶ፣ ድንጋዩን እንደረገጠ፣
በተረከዙ መታው፤ ቆመ፤ አደመጠ፤
ደግሞ መታው፣
ከሥሩ ውሃ እንዳለ፣ እንዳይሰነጠቅ ፈርቶ፣
መሬትን ረስቶ።

ከዚያን ቀን ወዲህ አልጋ ላይ አልተኛም።
ምድጃው ጥግ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ ያነጋል፤
ትራሱን ሳራግፍ ኮቾሮ ይረግፋል፤
በኪሱ ኮቾሮ፣ ከሰዓቱ ሣጥን ኮቾሮ፣
በዳዊቱ ገጾች መካከል እንደ ዕልባት ተወትፎ፣ ኮቾሮ።
"ለማን ነው?" ብለው፣
"ለነገ" ነው መልሱ።
"መሽቶ መንጋቱ አይቀርም" ሲባል ይስቃል ለራሱ፤
ሦስት ወር ከአሥር ቀን አልነጋለትማ፣
ሰማይ እንደ ጉድጓድ ተከድኖ በጨለማ።

ጎረቤት ሲሰበሰብ ጨዋታም ያውቃል፤
ሁለት ጣት ብቻ የቀረው እጁን ከፍ ያደርጋል፤
"ጣት ነው የቆረጥነው፣ ተስፋ አልቆረጥንም!"
ቤቱ ሁሉ ይስቃል፤
እኔ ግን አልስቅም።
"በረዶው መርከቧን እንደ ቆሎ ሲቀረጥም ሰማን፣
ሌሊቱን ሙሉ ሲቀረጥም፣ እኛ ዳር ቆመን።"
ውሾቹን መብላታቸውን ይናገራል፣ አያፍርም፤
ጫማ መቀቀላቸውን፣ ቀበቶ፣ ጠፍር፤
"ቆዳው ክፉ አይደለም፣" ይላል፣ "ሚስማሩ ነው እንጂ የሚያስቸግር።"
ይህ የቀን ወሬው ነው፤
የሌሊቱ ሌላ ነገር፦

"ቶርቫልድ፣ አለህ እንዴ? ትተነፍሳለህ?
እጅጌውን ልቀቀው... ስለ እግዜር፣ ምን ያደርግልሃል?
አንተን ከእንግዲህ አይበርድህም፤
እኔን ይበርደኛል።"

ጉንሂልድ፣ የቶርቫልድ ሚስት — መበለት ልላት አፌ እምቢ ይላል —
እሑድ እሑድ ከስብከት መልስ በራችንን ታንኳኳለች፤
ጓንቷን ጉልበቷ ላይ አኑራ፣ አንዲት ነገር ትጠይቃለች፦
"በርዶት ነበር?"
"ኧረ የለም። ሞቆት ነው የተኛ። ስምሽን እየጠራ።"
"ይሁን" ትላለች። ጓንቷን ታጠልቃለች፤
ትወርዳለች ወደ ባሕሩ፣ ወደ ባዶው ሥፍራ።

በመጋቢት፣ ፀሐይ በመስኮት ስትመጣ፣
በኩራዝ ጥቁር የነበረው ሁሉ ቀለሙን ሲያወጣ፣
ከካፖርቱ ደረት አንድ ቁልፍ ላልቶ፣
በቀይ ክር ተንጠለጠለ፣ ሊወድቅ ሽቶ።
ሊሳፈሩ ዋዜማ፣ ጥቁር ክር አልቆባት፣
በቀይ የሰፋችው እሷ ናት።
ቀዩን ክር ያበደርኳት
እኔ ነኝ።
ክረምቱን ሙሉ እያወቅሁ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ሰሃን ሳጥብ ኖርኩኝ።

የማንቆርቆሪያው ክዳን ይንቀጠቀጣል።
አስላክ ወለሉን ያያል።
"መርፌ አለሽ?" አለችኝ።
"አለ።"
"ክርስ?"
"ቀዩ ብቻ።"

ፊቱ ተንበረከከች፤
አገጩን ቀና አደረገ፣ ፀጉሩን እንደሚላጭ ሕፃን።
ስንት ጊዜ ወጋች? አልቆጠርንም ማናችን።
ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ ግንባሯ ደረቱ ላይ አረፈ፣
ቆየ፤
ጨርቁን አሸተተች፣ የሆነ ነገር ፈለገች፤
ጭስና የዓሣ ስብ ነው ያገኘች።
ከዚያ ከእምብርቱ ጀምራ፣ እስከ አንገት፣
ቆለፈችለት፣
አንድም ሳትስት።

በሚቀጥለው እሑድ በሩ ደግሞ ተንኳኳ።
ጓንቷን አወለቀች፤
የለመድነውን ጥያቄ ጠበቅን።
"ርቦኛል" አለች።
አስላክ እጁን ኪሱ ከተተ፤
አንድ ኮቾሮ አወጣ፣ አቧራውን እፍ አለ፣
ሰበረውና
የሚበልጠውን ዘረጋላት።