የሸፈተ ልብ ካርታ

ዊኒፔግ፣ የካቲት። ገና ጎህ ሳይቀድ፣
ወንዙ ረግቶ ቆሟል፣ ብርድ ዘግቷል መንገድ።
እኔ መስኮት በሌለው ክፍል፣ ከመስታወቱ ወዲህ፣
የሰው ልብ ካርታ እሥላለሁ፣ ነጥብ በነጥብ፣ እንዲህ፦
ሐምራዊው ጤነኛ ሥጋ፣ ሲጠሩት አቤት ባይ፤
ቀዩ ጠባሳ፣ የሞተ፣ ቢጠሩት ዝም ባይ፤
በሁለቱ መሐል ግን፣ ቢጫና አረንጓዴ ድንበር፣
ሽፍታ የሚያድርበት፣ ስም የሌለው ሠፈር።

ኦረስት ነው የተኛው። ሰባ አንድ ዓመቱ።
ሠላሳ ስድስት ዓመት ሐዲድ ነበር ቤቱ፣
በትራንስኮና ግቢ መቀየሪያ ሲስብ፣
ይህን ወደ ምዕራብ፣ ያን ወደ ምሥራቅ ሲመድብ።
የዛሬ ዘጠኝ ዓመት አንድ ደም ሥር ተዘጋበት፤
ዳነ። ቁስሉም ሻረ።
ጠባሳው ግን ቀረበት።

ልቡ ሸፈተ እንላለን፣ ሰው ሌላ ሲያምረው፣
ትዳሩ ሲሰለቸው፣ አገሩ ሲመረው።
የኦረስት ልብ ግን የምሩን ነው የሸፈተ፤
ክር የምታህል ሕያው ሥጋ፣ በዚያ መሐል በሞተ፣
ቀርታ ኖሮ፣ ሞገዱ ይዞርባታል ያለ ፌርማታ፣
በደቂቃ መቶ ዘጠና፣ ቀን የለ ማታ።
ደረቱ ውስጥ የተቀበረው ሣጥን ይህን ሲሰማ እንደ በቅሎ ይራገጣል፤
ባለፈው ኅዳር በአንድ ሌሊት አሥራ አራቴ መትቶታል።
ሚስቱ ሃልያ ቆጥራለች፣ በእርሳስ፣ በመብራት ሒሳብ ወረቀት ጀርባ፤
አሥራ አራት ጭረት። አላለቀሰችም። እሱ ግን አነባ።

ሁለት ጊዜ ገብተናል፣ በብሽሽቱ ደም ሥር፣ በቀጭን ሽቦ፤
ሁለቴ ተመለሰ ሽፍታው፣ ጓዙን ሰብስቦ።
መተኮስ፦ ቋንቋዬ ለጠመንጃም ለቁስልም አንድ ቃል ሰጥቶናል፤
ሁለቱንም ይዘን ገባን፣ ዒላማው ግን ስቶናል።
ዋሻው ከግድግዳው ጥልቅ ነው፣ እሳታችን ላይ ላዩን ይልሳል፣
ቆዳውን ያጠቁራል እንጂ እስከ መሐሉ መች ይደርሳል።

ትናንት ማታ በወረቀት ሥዬ ሳሳየው፣
ሳቀ። "ይሄማ ዙር ሐዲድ ነው።
ባቡር አይባረርም ልጄ፤ ሐዲዱ የሚጠብበትን ፈልጉ፣
ከሁለት ወገን ቁሙና እዚያው ላይ ዝጉ።"
ዶክተር ቪራኒ ስንት ሌሊት ያሰበችውን፣
ሳያውቅ ተናገረው፣ እየጠጣ ሾርባውን።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤
ራሱን የደበቀ በሽታስ በምን ይገኛል?
መቀስቀስ ነው እንጂ።
የነብሩን ጅራት፣ አውቆ፣ በእጅ።

"ቀስቅሱት" አለች።
አንድ ምት። ሁለት። ሦስተኛው ላይ መጣ።
ስክሪኑ ተራራ በተራራ ሆነ፤ የደም ግፊቱ ወረደ፣
ማሪሴል ቁጥር ጠራች፤ ሰባ፤ ስልሳ ሁለት። እጄ ራደ።
ነጥብ። ነጥብ። ነጥብ።
ከዚያ በሁለት ምት መካከል፣ ዝምታ በሚገባው ስፍራ፣
አንዲት ደቃቃ ጭረት፣ እንደ ሹክሹክታ፣ እንደ አይጥ ኮቴ፣ ብቻዋን ስትሠራ።
"እዚህ ናት" አልኩ።

አንዱ ካቴተር ከቀኝ፣ አንዱ ከግራ፣ ግድግዳው በመሐል፤
ጫፋቸውን ጨው ውሃ ያበርዳል፣ በሥጋው ውስጥ እሳት ለእሳት ይጠራራል።
አሥር ሴኮንድ። ሃያ።
ሠላሳ አንድ ላይ
ባቡሩ ቆመ።
ፉጨት የለ፣ ጩኸት የለ።
ማንም አላጨበጨበም።

ሩብ ሰዓት ጠብቀን እንደገና ጠራነው፤ አልመጣም።
እንደገና። አልመጣም።
ይህ ማለት ግን... ምን ማለት እንደሆነ እኔም አልናገርም፣
የዛሬው ካርታ የዛሬ ነው፤ ለነገ አይፈርምም።

ሃልያ ኮሪደሩ ላይ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣
"ለሁልጊዜ?" አለችኝ።
"ለዛሬ" አልኳት። ከዚህ በላይ የምለውን ሳላውቅ።
ያን ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች፣
ጭረቶቹን አየች፣ ገለበጠች፣
መነጽሯን አደረገች፤
"ውይ፣ ይሄ እኮ አልተከፈለም" አለች።