የአንድ ጣት በር

ከመኪና ግርግር፣ ከልብስ ሰፊው መንደር፣
አርባ ዓመት ሙሉ፣ ፔዳል ስረግጥ ስኖር፣
እግሬ ሄደ ሄደ፣ ከደጄ ሳልወጣ።
አንድ ቀን በረመዳን፣ ኢንቲሳር ብትመጣ፣
በፌስታል ጠቅልላ፣ የአክስቷን ጋናፊ፣
«ይህን ትሠራለህ? መቼም ነህ ልብስ ሰፊ»
አለች፤ ዘረጋችው።

ከቁርጭምጭሚት በላይ፣ ጥልፉ ዞሮ ዞሮ፣
ጀጎልን ይመስላል፣ በአምስት በር ታጥሮ።
አረንጓዴው ለቋል፤ ቀዩ ግን አልፈራም።
«እንዲህ ያለ ስፌት፣ በመኪና አይሠራም»
ብዬ ሸኘኋትና፣ ማታ ተደብቄ ሞከርሁ።
መርፌው ሁለቴ ተሰበረ። በሦስተኛው የወጣው
ገበያ ላይ እንዳለው፣ ፋብሪካ እንዳተመው፣
ከሩቅ ሲያዩት ደህና፣ ሲነኩት የታመመው።

በማግስቱ ሳቀችብኝ።
«ፊቱን ነው የቀዳኸው፤ ገልብጠው» አለች።
ገለበጥሁት።
ለካ ፊተኛው ገጽ፣ ለእንግዳ ነበረ፤
ሰሙን አሳይቶን፣ ወርቁ ከኋላ ቀረ፦
ክሩ ተሰውሮ የሄደበት መንገድ፣
ከአንዱ በር ወደ አንዱ ሲዘል፣ ሲመለስ፣ ሲንገዳገድ።
ፊቱ ሳቅ ነው፤ ጀርባው ድካም።
ውሉ ግን የለም። ብንፈልገው አልተገኘም።

«ካልተተረተረ አይገባኝም» አልኋት።
ዝም አለች። አዛን ተሰማ፤ አለቀ።
«ስንት?»
«አንድ ጣት።»
የራሷን ትንሿን ጣት ጨርቁ ላይ አስተኛች፣
«የዚችን ያህል» አለች፤ ዳርና ዳሩን በጠመኔ አሰመረች፣
ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በምላጭ ጫፍ ተረተርሁ፣ ትንፋሼን ይዤ።
እጥፋቱ ሥር ፀሐይ ያላየው አረንጓዴ ተኝቷል፣
አሁን ከማሳ የወረደ ጫት መስሎ።
ውሉም እዚያው ነበር፣ በራሱ ላይ ሦስቴ ተጠምጥሞ።
አራተኛው በር ላይ ግን አንድ ስፌት ይጎድላል።
ሸሪፋ ተሳስታለች።
ልጅ አልቅሶባት ይሆናል፣ ወይ ኩራዙ ጋዝ ጨርሶ፣
ወይ አንድ ሰው ስሟን ከግቢ ጠርቶ።

ዛሬ፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ ከነኢንቲሳር ነደባ ላይ
ዘጠኝ ሴቶች ይቆጥራሉ፦ «ግባ፣ ሁለት ዝለል፣ ውጣ።»
አንዷ ባንክ ትሠራለች። አንዷ እጇ ላብ ስለሚያወጣ
ዱቄት ትቀባለች።
አራተኛው በር ሲደርሱ ሁሉም አንድ ስፌት ያጎድላሉ።
ላርማቸው አፌን ከፈትሁ።
ኢንቲሳር በመርፌ ጫፍ ጠቆመችኝ፦
«ተው፤ እሷ ናት።»

የተረተርነው አንድ ጣት እስካሁን ክፍት ነው።
እንዝጋው ስላት «ቆይ» ትለኛለች፤
ጀጎልም ስድስተኛ በሩን ያወጣው በስተርጅናው ነው።